ከሳቮይ ወለል እስከ ፖስታ ቤት
የስዊንግና የብሉዝ ዳንስ መምህራን ከየት መጡ?

በ1986 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ነዋሪ በሆነ አንድ የፖስታ ሠራተኛ ቤት ስልክ ተደወለ። የደወሉት ከካሊፎርኒያ፣ ከፓሳዴና ከተማ የመጡ ሁለት ወጣት ዳንሰኞች ሲሆኑ፣ የሚፈልጉት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በሃርለም ስመ ጥር የነበረውን ፍራንኪ ማኒንግን ነበር። ዳንሰኛው ማኒንግ እርሱ እንደ ሆነ ሲጠይቁት፣ የለም፣ የፖስታ ሠራተኛው ማኒንግ ነኝ ብሎ እንደ መለሰ ይተረካል። መልሱ ቀልድ ቢመስልም ከእውነቱ የራቀ አልነበረም። ሰውየው በዳንስ መተዳደሩን ከተወ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ዕድሜውም ከሰባ ተሻግሯል። እንዲያስተምራቸው በለመኑት ጊዜ በመጀመሪያ አላስተምርም ብሎ ነበር። ቆይቶ ግን እሺ አለ። ዛሬ ከስቶክሆልም እስከ ሴኡል ሊንዲ ሆፕ የተባለው የስዊንግ ዳንስ በሚደነስባቸው አዳራሾች የሚሰጠው ትምህርት፣ አብዛኛው ሐረጉ ሲመዘዝ ከዚህ እሺታ ይደርሳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መምህር ሲባል በመጀመሪያ በሐሳብ የሚመጣው የተማረበት ትምህርት ቤት፣ የያዘው የምስክር ወረቀትና የሚያስተምርበት መጽሐፍ ነው። የስዊንግና የብሉዝ ዳንስ መምህራን ታሪክ ግን በዚህ ሚዛን አይመዘንም። ሙያውን የፈጠሩት ሰዎች የቤት ሠራተኞች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ የበር ጠባቂዎችና የእነርሱ ልጆች ናቸው፤ ከመካከላቸውም ያወቀውን በወረቀት ላይ ያሰፈረ የለም ማለት ይቻላል። በአንጻሩ በወረቀት ላይ ያሰፈሩትና በዚያም የበለጸጉት ሌሎች ነበሩ። እውቀቱ የተገኘበት ወለል በፈረሰ ጊዜ ዳንሱ የቀረው በጥቂት ሰዎች ጉልበትና ወገብ ውስጥ ብቻ ነው። ሊጠፋ ምን ያህል ተቃርቦ እንደ ነበረ ለመረዳት የእነዚህን ሰዎች ኑሮ መከተል ግድ ይሆናል።

ሳቮይ የተባለው የዳንስ አዳራሽ በሃርለም፣ በሌኖክስ ጎዳና፣ በ140ኛውና በ141ኛው መንገድ መካከል ማርች 12 ቀን 1926 ዓ.ም. ተከፈተ። ሞ ጌል የተባለው ነጭ ባለሀብት ከባለቤቶቹ አንዱ ሲሆን፣ የዕለት ተዕለት ሥራውን የሚመራው ቻርለስ ቡካናን ጥቁር ነበር። አዳራሹ ከአንዱ መንገድ እስከ ሌላው የሚደርስ ርዝመት ስለ ነበረው ዳንሰኞቹ «ሐዲዱ» ብለው ይጠሩታል። የሙዚቀኞች መድረኩ ሁለት ስለ ሆነ አንዱ ኦርኬስትራ ሲያበቃ ሌላው ይቀበላል፤ ሙዚቃው አይቋረጥም። ወለሉ በሜፕል እንጨት የተሠራ ነበር፤ ከብዙ እግር የተነሣም ቶሎ እያለቀ በየሦስት ዓመቱ ይለወጥ እንደ ነበር የጃዝ ዳንስ ታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ። ጠንካራ የእንጨት ወለል በሦስት ዓመት የሚያልቅ ከሆነ፣ በላዩ ላይ ምን ያህል ሥራ እንደ ተሠራበት ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማስረዳት አያስፈልግም።

በዚያ ዘመን በኒውዮርክ ጥቁሩና ነጩ በአንድ ወለል ላይ ያለ ክልከላ የሚደንሱባቸው ስፍራዎች ጥቂት ነበሩ። ታዋቂው ኮተን ክለብ እንኳ በዚያው በሃርለም ውስጥ ሆኖ ጥቁሮችን በመድረክ ላይ እያስደነሰ በእንግድነት ግን አይቀበልም ነበር። ሳቮይ ሁሉን አስገባ። የሳምንቱ ቀናትም የየራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው፤ ማክሰኞ የብርቱ ዳንሰኞች ሲሆን፣ ቅዳሜ ጎብኚው ስለሚበዛ ነባሮቹ ይንቁታል። ሐሙስ «የማድቤት መካኒኮች ምሽት» ይባላል። በነጮች ቤት የሚያገለግሉት ወጥ ቤቶችና ገረዶች የዕረፍት ምሽታቸው ሐሙስ ስለ ነበር ነው። ስያሜው ሹፈትም ኩራትም አለበት።

በዚህ ወለል ላይ ትምህርት የሚሰጠው እንዴት ነበር ቢባል፣ መልሱ በእኛም አገር የማይታወቅ አይደለም፤ ልጅ እስክስታን ከሠርግ ቤት እንጂ ከጥቁር ሰሌዳ አይማርም። በአዳራሹ አንድ ማዕዘን ብርቱዎቹ ዳንሰኞች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ ያልበቃ አይገባበትም። የገባውም ያየውን አስመስሎ ሳይሆን ያየውን አሻሽሎ መውጣት ይጠበቅበታል። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ጆርጅ ስኖውደን ሲሆን ቁመቱ አጭር በመሆኑ «ሾርቲ» ተብሏል። የዳንሱን ስም ከአውሮፕላን አብራሪው ከቻርለስ ሊንድበርግ የ1927 ዓ.ም. የአትላንቲክ በረራ ጋር የሚያያይዘው የተለመደው ትረካ የሚጠቀሰው ከዚሁ ሰው ጋር ነው።

ፍራንኪ ማኒንግ የተወለደው ሜይ 26 ቀን 1914 ዓ.ም. በፍሎሪዳ፣ በጃክሰንቪል ከተማ ነው። በሦስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር ወደ ሃርለም መጣ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤቱ እናቱ ናት ማለት ይቻላል፤ መደነስ የምትወድ ሴት ስለ ነበረች ልጇን ወደ «የቤት ኪራይ ግብዣዎች» ይዛው ትሄድ ነበር። እነዚህ ግብዣዎች ለብሉዝ ዳንስ ታሪክ ዋና ነገር ስለ ሆኑ ጥቂት ማብራራት ይገባል። በሃርለም የቤት ኪራይ ከሠራተኛው ደመወዝ ጋር የማይመጣጠን ነበር፤ ጥቁር ተከራይ ለተመሳሳይ ክፍል ከነጭ ተከራይ የበለጠ ይከፍላል። ስለዚህ ተከራዩ የወሩ መጨረሻ ሲደርስ የቤት ዕቃውን ወደ ጓዳ አስገብቶ፣ ፒያኖ መቺ ጠርቶ፣ ምግብ አሰናድቶ ጎረቤቱን በጥቂት ሳንቲም ያስገባል። ክፍሉ ጠባብ፣ ሰው ብዙ፣ ሙዚቃው ዝግ ያለ ብሉዝ ስለሚሆን ዳንሱም ጥንዶች ተጠጋግተው በትንሽ ቦታ የሚያደርጉት ቀርፋፋ እንቅስቃሴ ነው። የብሉዝ ዳንስ የውድድር ዋንጫም፣ የራሱ ታላቅ አዳራሽም፣ በስሙ የተጠራ ትምህርት ቤትም አልነበረውም። ከደቡብ የጥጥ እርሻዎች የተሰደዱ ሰዎች ይዘውት መጥተው በሳሎን አቆዩት። በዚህም የተነሣ ከሊንዲ ሆፕ ይልቅ የመምህራኑን ስም መዘርዘር ያስቸግራል፤ መምህራኑ እናቶች፣ አክስቶችና የኪራይ ግብዣ አስተናጋጆች ናቸውና።

ይኸው እናቱ ግን ልጇ ሰውነቱ የደረቀ ስለ ሆነ ዳንሰኛ እንደማይወጣው ነገረችው። ማኒንግ ይህን ነገር እስከ እርጅናው ድረስ እያስታወሰ ይተርክ ነበር። ክፍሉን ዘግቶ ለብቻው ተለማመደ፤ በሌሎች የሃርለም አዳራሾች ከሠለጠነ በኋላ ወደ ሳቮይ ገባ። ቀን ቀን በአንድ የፀጉር ልብስ መሥሪያ ድርጅት ይሠራል፤ ማታ ይደንሳል። ከእርሱ በፊት የነበሩት ዳንሰኞች ቀጥ ብለው ሲደንሱ፣ እርሱ እንደ ሯጭ ወደ ፊት አዘንብሎ፣ ሰውነቱን ወደ ወለሉ አስጠግቶ መደነስ ጀመረ። ዛሬ በየአገሩ ለጀማሪ የሚነገረው የሰውነት አቋም ከዚህ የመነጨ ነው።

የኖርማ ሚለር ታሪክ ደግሞ በመስኮት ይጀምራል። ወላጆቿ ከባርቤዶስ ደሴት የመጡ ስደተኞች ናቸው፤ እርሷም በ1919 ዓ.ም. በኒውዮርክ ተወለደች። የሚኖሩበት የኪራይ ቤት በሳቮይ ጀርባ ስለ ነበረ፣ ልጅቱ በእሳት አደጋ መውጫው የብረት ደረጃ ላይ ተቀምጣ በአዳራሹ መስኮት የሚታየውን የዳንሰኞች ጥላ ትመለከት፣ የኦርኬስትራውንም ሙዚቃ ትሰማ ነበር። በ1932 ዓ.ም. በፋሲካ እሑድ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በአዳራሹ በር አጠገብ ስትደንስ «ትዊስት ማውዝ» ጆርጅ የተባለው የታወቀ ዳንሰኛ አያትና ይዟት ገባ፤ ከእርሷ ጋር ደነሰ። ከዚያ በኋላ እንደ ልጅነቷ ወደ ደጅ ተመለሰች። ዳሩ ግን ሚለር ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሙያ አላሰበችም።

እነዚህን ወጣቶች የሰበሰበው ኸርበርት ዋይት የሳቮይ ሥነ ሥርዓት አስከባሪዎች አለቃ ነበር። የደንስ ደረጃ አላስተማራቸውም፤ ነገር ግን ማን ችሎታ እንዳለው ዓይኑ ያውቃል፤ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ባዶ በሆነበት ጊዜ እንዲለማመዱ ያደርጋል፤ ሥራም ያገኝላቸዋል። ክፍያውም በእጁ ያልፋል። ኋላ ዳንሰኞቹ በዚህ ረገድ ያላቸውን ቅሬታ ሳይሸሽጉ ተናግረዋል፤ የሆነ ሆኖ ያለ እርሱ የሳቮይ ዳንስ ከሳቮይ ውጭ ባልታየ ነበር።

በ1935 ዓ.ም. በሳቮይ የተደረገው ውድድር በዳንሱ ታሪክ የተለየ ስፍራ አለው። ስኖውደን በትርኢቱ መጨረሻ ላይ ቁመተ ረጅሟ የዳንስ ጓደኛው «ቢግ ቢ» በጀርባዋ ተሸክማው ስትወጣ ሕዝቡን ያስቅ ነበር። ማኒንግ ይህን አይቶ፣ ሸክሙን ከሙዚቃው ጋር አዋሕዶ ወደ በረራ ቢለውጠውስ ብሎ አሰበ። ከፍሪዳ ዋሽንግተን ጋር ፍራሽ አንጥፈው እየወደቁ ተለማመዱ። በውድድሩ ሌሊት የቺክ ዌብ ኦርኬስትራ ሲጫወት፣ ጀርባ ለጀርባ ተያይዘው በላዩ ላይ አሽከርክሮ ከፊት ለፊቱ በእግሯ አቆማት፤ ያረፈችውም በምቱ ላይ ነበር። ፍሪዳ ዋሽንግተን በየታሪኩ በአንድ መስመር ብቻ የምትጠቀስ መሆኗ ያሳዝናል፤ የበረረችው እርሷ ናትና።

ያው 1935 ዓ.ም. ለእኛም የማይረሳ ዘመን ነው። በዚያ በጋ ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ በሺህ የሚቆጠሩ የሃርለም ነዋሪዎች በጎዳናዎቹ ላይ ሰልፍ ወጥተው ተቃውመዋል። በአገራችን ጥንታዊ ስም የተጠራው የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንም በ138ኛው መንገድ ላይ፣ ከሳቮይ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ርቀት ላይ ይገኛል። ሰልፈኛውና ዳንሰኛው የአንድ ሠፈር፣ ምናልባትም አንዳንዴ አንድ ሰው መሆናቸውን ማሰብ አያስቸግርም።

የዋይት ቡድን ከዚህ በኋላ በአውሮፓና በአውስትራሊያ ዞረ፤ በሆሊዉድ ፊልሞችም ታየ። ከእነዚህ መካከል በ1941 ዓ.ም. በተሠራው «ሄልዛፖፒን» ውስጥ ያለው የጥቂት ደቂቃ ትርኢት እስከ ዛሬ እንደ መማሪያ ያገለግላል። የዳንሱን ቅንብር ያዘጋጀው ማኒንግ ነው። ትርኢቱን ልብ ብሎ የተመለከተ ግን አንድ ነገር ይታዘባል፤ ዳንሰኞቹ የለበሱት የወጥ ቤት፣ የገረድና የሠራተኛ ልብስ ነው። በዓለም ላይ ከእነርሱ የሚበልጥ ዳንሰኛ ባልነበረበት ጊዜ ፊልሙ ውስጥ ለመግባት የቻሉት የቤት አገልጋይ መስለው ብቻ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ «ላይፍ» የተባለው ታላቅ መጽሔት ሊንዲ ሆፕን የአሜሪካ ብሔራዊ የሕዝብ ዳንስ ብሎ አወድሶ ሰፊ የፎቶግራፍ ዘገባ አወጣ። ሊዮን ጄምስና ዊላ ሜ ሪከር በውስጥ ገጾች ታዩ፤ በሽፋኑ ላይ የወጡት ጥንዶች ነጮች ነበሩ።

ከዚህ ላይ ወደ ሌላው ዓይነት መምህር መሻገር ይገባል። አርተር ሙሬይ በ1895 ዓ.ም. በኦስትሮ ሃንጋሪ ግዛት በጋሊሲያ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ ኒውዮርክ የመጣ ሰው ነው። ኋላ በጆርጂያ የቴክኖሎጂ ተቋም ገብቶ የንግድ ሥራ አስተዳደር ያጠና ሲሆን፣ በ1920 ዓ.ም. በዚያው ተማሪ ሳለ ከተቋሙ የሚተላለፍ የኦርኬስትራ ሙዚቃ በሬዲዮ ተቀብለው በሌላ ስፍራ የሚደንሱ ሰዎች አሰናዳ። ሬዲዮ ገና በሙከራ ላይ በነበረበት ጊዜ እንዲህ ያለ ሐሳብ ማምጣቱ ሊደነቅ ይገባል። ስሙን የተከለው ግን በሥዕል ነው። የግራና የቀኝ እግር ኮቴ በወረቀት ላይ በቁጥርና በቀስት ምልክት አሥሎ በፖስታ ለሚማሩ ደንበኞች ሸጠ። ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮም ስሙን ለየከተማው ትምህርት ቤቶች እያከራየ ሥራውን አስፋፋ።

የሙሬይ ሥዕል መናቅ የለበትም። ንድፍ ማለት እውቀትን ከሠሪው ነጥሎ ላላየው ሰው ማድረስ ነው፤ በሃርለም ማንም ያላደረገውን እርሱ አደረገ። ነገር ግን ንድፉ የሚያሳየው እግሩ የት እንደሚያርፍ ብቻ ነው። ጉልበቱ እንዴት እንደሚለዝብ፣ ክብደቱ መቼ እንደሚዛወር፣ አንዱ ከሌላው በእጁ በኩል የሚሰማው መሳብና መግፋት፣ ከምቱ ጥቂት ዘግይቶ መድረስ በወረቀቱ ላይ የለም። ከዚህም ሌላ ንድፉ የማን ሥራ መሆኑን አይናገርም። የንግድ ትምህርት ቤቶች ለተማሪ እንዲመች ስዊንግን አቅልለው ለአያሌ አሜሪካውያን ሲሸጡ፣ በሐሙስ ምሽት ለፈጠሩት ሰዎች የደረሳቸው ድርሻ የለም።

በሁለቱ መካከል የቆሙም ነበሩ። ዲን ኮሊንስ በትክክለኛ ስሙ ሶል ኮኸን የሚባል፣ በኒው ጀርሲ ያደገ የአይሁድ ወጣት ነው። በሳቮይ ተገኝቶ ከጥቁሮቹ ተማረና በ1930ዎቹ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ፤ በብዙ ፊልሞች ደነሰ፤ አስተማረም። ለነጭ ዳንሰኛ የፊልሙ በር ያለ ገረድ ልብስ ይከፈት ስለ ነበረ በምዕራቡ ጠረፍ ዳንሱ በእርሱ መልክ ተስፋፋ።

የሳቮይ ዘመን ማብቂያ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ጦርነቱ ወንዶቹን ወሰደ፤ ማኒንግም በፓስፊክ ግንባር በኒው ጊኒና በፊሊፒንስ አገለገለ። በ1943 ዓ.ም. የኒውዮርክ ፖሊስ ሳቮይን ለወራት ዘጋው፤ የተሰጠው ምክንያት ከወታደሮች ጤና ጋር የተያያዘ ቢሆንም፣ የሃርለም ሕዝብ እውነተኛው ምክንያት ጥቁርና ነጭ አብረው መደነሳቸው ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1944 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት ምግብና መጠጥ እየሸጡ በሚያስደንሱ ቤቶች ላይ 30 በመቶ ግብር ጣለ፤ ያው ዓመት ሳያልቅ ወደ 20 ቢወርድም ለባለቤቶቹ ደንበኛውን አስቀምጦ ሙዚቃ ማሰማት ከማስደነስ ይልቅ አዋጭ ሆነ። ትላልቆቹ ኦርኬስትራዎች ተበተኑ። ቢባፕ የተባለው አዲሱ ጃዝም ለጆሮ እንጂ ለእግር የተዘጋጀ አልነበረም። በመጨረሻም በ1958 ዓ.ም. ሳቮይ ለዘለቄታው ተዘጋ፤ በስፍራው የመኖሪያ ሕንፃዎች እንዲሠሩ ፈረሰ።

ማኒንግ ከጦርነቱ ተመልሶ በ1947 ዓ.ም. «ኮንጋሩስ» የሚባል አነስተኛ ቡድን መሥርቶ ነበር፤ ቡድኑ በ1955 ዓ.ም. ተበተነ። ቤተሰብ ስለ ነበረው ቋሚ ሥራ ፈለገና በፖስታ አገልግሎት ተቀጠረ። በአንድ ወቅት ለእንግሊዝ ንጉሥ ፊት የደነሰ ሰው ለሠላሳ ዓመት ያህል ደብዳቤ ሲለይ፣ አብዛኞቹ የሥራ ባልደረቦቹ ስላለፈው ሕይወቱ የሚያውቁት ነገር ጥቂት ነበር። ሚለር የራሷን ቡድን አቋቁማ ስትደንስ ቆይታ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ በቀልድ ተናጋሪነት መድረክ ላይ ወጣች። ሥራ እንጂ ሰው አላረጀባትም።

በዚህ የጨለማ ዘመን ጥቂት ሰዎች መዝጋቢ ሆነው ተገኝተዋል። የመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ምሁር የነበረው ማርሻል ስተርንስ ሊዮን ጄምስንና አል ሚንስን አስከትሎ በንግግርና በትርኢት የዳንሱን ታሪክ ያስረዳ ነበር፤ ከባለቤቱ ከጂን ስተርንስ ጋር ያዘጋጁት «ጃዝ ዳንስ» የተሰኘው መጽሐፍ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1968 ዓ.ም. ታተመ። ትውልደ ሩሲያዊቷ ሙራ ዴን ደግሞ ሳቮይ ሳይፈርስ ዳንሰኞቹን በፊልም አነሣች። የቻውሰርን ዘመን እንግሊዝኛ የሚያስተምር ፕሮፌሰርና ከሩሲያ የመጣች ዳንሰኛ ባያስቡበት ኖሮ ዛሬ የሚታየው ማስረጃ ከግማሽ በታች በሆነ ነበር።

ሊዮን ጄምስ በ1970 ዓ.ም. ሞተ። አል ሚንስ ግን በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኒውዮርክ በአንድ የዳንስ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። በ1984 ዓ.ም. ከስዊድን የመጡ ወጣቶች ፈልገው አገኙትና ወደ ስቶክሆልም ጋበዙት። እነዚህ ስዊድናውያን ቀደም ብለው አሮጌ ፊልሞችን ደጋግመው እየተመለከቱ ዳንሱን ለመረዳት ይጥሩ ነበር፤ ፊልሙ ግን እጅ የለውም። ሚንስ እጃቸውን ይዞ አሳያቸው። በሚቀጥለው ዓመት በ1985 ዓ.ም. ዐረፈ። ስዊድናውያኑ ጉዞአቸውን በአንድ ዓመት ቢያዘገዩት ኖሮ የሚያገኙት መቃብሩን ነበር።

ማኒንግ ማስተማር ሲጀምር ችግር የገጠመው ባላሰበበት በኩል ነው። የሚያደርገውን ያውቃል፤ እንዴት እንደሚያደርገው ግን ለማንም አስረድቶ አያውቅም። በሳቮይ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ የቆጠረ ሰው አልነበረም፤ ተማሪዎቹ ግን ቁጥር ይፈልጋሉ። ስለዚህ በሰባ ዓመቱ የራሱን ሰውነት እንደ ማሽን ፈትቶ ማየት ነበረበት፤ የትኛው እግር ይቀድማል፣ ክብደቱ በየትኛው ምት ላይ ይዛወራል፣ እጁ መቼ ይለቃል። ቁጥሩን ተማረ፤ ነገር ግን አልተማረከበትም፤ ምቱን በአፉ እያዜመ ማስተማሩን አልተወም። ትምህርቱን ሲጀምርም ወንዶቹ ለሴቶቹ ጎንበስ ብለው እጅ እንዲነሡ ያዝዝ ነበር። ይህ ጌጥ አይደለም፤ የዚህ ዳንስ መሠረቱ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ መደማመጣቸው ነው።

በ1987 ዓ.ም. ከፖስታ አገልግሎት ጡረታ ወጣ። ሌላው ሰው በሚያርፍበት ዕድሜ ሁለተኛ ሥራውን ጀመረ። በ1989 ዓ.ም. «ብላክ ኤንድ ብሉ» ለተሰኘው የብሮድዌይ ትርኢት በሠራው የዳንስ ቅንብር ከሌሎች ሦስት አንጋፋዎች ጋር የቶኒ ሽልማትን ተካፈለ። በ1992 ዓ.ም. በወጣው «ማልኮም ኤክስ» ፊልም በአማካሪነት ሠራ። ከስቶክሆልም በስተ ሰሜን በምትገኘው በቀድሞዋ የብረት ማዕድን መንደር በሄሬንግ ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ በየበጋው በሚደረገው የዳንስ ሥልጠናም ከ1989 ዓ.ም. አንሥቶ አስተማረ። ማዕድኑ ያለቀባት መንደር ከዓለም ዙሪያ በሚመጡ ተማሪዎች መጨናነቋ የሚያስገርም ነው። ኤፕሪል 27 ቀን 2009 ዓ.ም. ማኒንግ ሲያርፍ 95 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶት ነበር። ለልደቱ የተዘጋጀው ታላቅ በዓል አልተሰረዘም፤ ያለ እርሱ ተደነሰ። ሚለርም በ2019 ዓ.ም. በ99 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ በዚያው መንደር ያስተማረችበትና ወጣቶችን በምላሷ የገሠጸችበት ጊዜ ብዙ ነው።

በሄሬንግ ካስተማሩት መካከል ለብሉዝ ታሪክ የምትጠቀሰው ዶን ሃምፕተን ናት። በ1928 ዓ.ም. የተወለደችው ሃምፕተን ከሙዚቀኛ ቤተሰብ የወጣች ስትሆን፣ በልጅነቷ በቤተሰቡ ባንድ ውስጥ ሳክስፎን ትነፋ፣ ኋላም በኒውዮርክ የምሽት ክበቦች ትዘፍን ነበር። ታስተምር የነበረው ከደረጃ ይልቅ ማዳመጥን ነው። ዘፋኝ እንደ መሆኗ፣ ዳንሰኛው በዘፈኑ ስንኞች መካከል ያለውን ዝምታ እንዲሰማ ትፈልግ ነበር። ለብሉዝ ዳንስ ራሱን የቻለ ትምህርት መሰጠት የጀመረው በአብዛኛው የሊንዲ ሆፕ ተማሪዎች በሌሊቱ መጨረሻ ዝግ ባለ ሙዚቃ መደነስ ካዘወተሩ በኋላ፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። የኪራይ ግብዣው እናቶች በዚህ ጊዜ በሕይወት ስላልነበሩ፣ አዲሶቹ መምህራን እውቀቱን ከአሮጌ ፊልሞች፣ ከሽማግሌዎች ትዝታና ከራሳቸው ሙከራ መልቀም ግድ ሆኖባቸዋል።

የዛሬዎቹ መምህራን ከቀድሞዎቹ የተለዩ ናቸው። አብዛኞቹ ነጮች ሲሆኑ በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በእስያ ከተሞች የሚኖሩ፣ ዳንሱን እንደ ትልቅ ሰው ትምህርት በክፍያ የተማሩ ናቸው። አንድ ሰው የዳንስ መምህር ሆኖ ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወረ መኖር መቻሉ፣ ሐሙስ ማታ ብቻ ነፃ ለነበረችው ወጥ ቤት ሊታሰብ የማይችል ነገር ነበር። በ2020 ዓ.ም. በአሜሪካ ስለ ዘር ፍትሕ የተነሣው ክርክር ወደነዚህ አዳራሾችም ገብቶ፣ ጥቁር መምህራን በገዛ አያቶቻቸው ዳንስ ውስጥ ስለ ምን ጥቂት ሆኑ የሚለው ጥያቄ በግልጽ ቀርቧል። ጥያቄው የስሜት ብቻ አይደለም፤ የደመወዝም ነው። ለዳንሱ የሚከፈለው ገንዘብ የመጣው የማድቤት መካኒኮቹ ካለፉ በኋላ ነውና።

ይህን ክፍተት ከሚሞሉት አንዷ ላታሻ ባርንስ ናት። በአሜሪካ ጦር ሠራዊት በመገናኛ ሙያ ለብዙ ዓመታት ያገለገለች የቀድሞ ወታደር ስትሆን፣ ወደ ሊንዲ ሆፕ የመጣችው ከሃውስ ዳንስ ነው። በ2021 ዓ.ም. «ዘ ጃዝ ኮንቲኒዩም» የተሰኘውን ትርኢት በኒውዮርክ አቀረበች፤ ትርኢቱም የሳቮይ ዳንስና የዛሬው የጥቁሮች የጎዳና ዳንስ የአንድ ወንዝ ውኃ መሆናቸውን የሚያሳይ ነው። በአሪዞና ግዛት ዩኒቨርሲቲም የዳንስ መምህርት ሆናለች። የምስክር ወረቀት ያልነበረው እውቀት በዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ሳቮይ ከተከፈተ ዘጠና አምስት ዓመት ያህል ፈጅቶበታል።

በ2002 ዓ.ም. በሌኖክስ ጎዳና ላይ፣ አዳራሹ በነበረበት ስፍራ፣ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተተከለ። ሰሌዳውን የገለጡት ፍራንኪ ማኒንግና ኖርማ ሚለር ነበሩ፤ አንዱ ሰማንያ ስምንት ዓመቱ፣ ሌላይቱ ሰማንያ ሁለት። በፊታቸው የነበረው የመኖሪያ ሕንፃ ነው፤ ከሜፕል ወለሉ አንዲት ሳንቃ እንኳ በስፍራዋ አልነበረችም።